የፍሪጁ ዝምታ

አባዬ፣

የሙት ዓመትህን ካወጣን ሦስት ወር ሆነ።

ደብዳቤ "ለጤናህ እንደምን አለህ" ተብሎ እንደሚጀመር ያስተማርከኝ አንተ ነህ፤ አርሲ ነገሌ ላለችው እህትህ ስታስጽፈኝ። ጻፍኩትና ሰረዝኩት። ቀጥሎ የሚመጣው "እኛ ደህና ነን" ነው። እሱንም ሰረዝኩት። ስለዚህ ሰላምታ የሌለው ደብዳቤ ነው።

እማዬ አለች። ስኳሯ አንድ ቀን ይታዘዛል፣ አንድ ቀን ያምጻል። ኢንሱሊኗ ግን እኛ ቤት አይቀመጥም። ጠዋትና ማታ ነጠላዋን ደርባ፣ አጥሩን በእጇ እየተደገፈች፣ እትዬ ዘሃራ ቤት ትሄዳለች። ሃያ ስድስት እርምጃ ነው። እትዬ ዘሃራ በሩ ላይ ቆማ "ኮቱ፣ ኮቱ፣ ግቢ" ትላትና ብልቃጡን ከፍሪጇ አውጥታ ትሰጣታለች። እማዬ አንድም ቀን አላማረረችም። የሚያስፈራኝም እሱ ነው። የናዝሬትን ሙቀት ታውቀዋለህ፤ እኛ ቤት ከሰነበተ ይበላሻል።

ፍሪጅ የለንም ማለቴ አይደለም። አለን። ካንተ በኋላ የገዛሁት ነው፤ ቁመቱ ከእኔ ይበልጣል፣ በሩ ላይ ቁጥር ያበራ ነበር። አሁን ውስጡ ሽንኩርትና የተማሪዎቼ የፈተና ወረቀት አለ። የዋስትና ወረቀቱም እዚያው ነው።

ስምንት ወር ሠራ። ከዚያ አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ መብራት ሄዶ ተመለሰ። እዚህ እንዴት እንደሚመለስ ታውቃለህ፤ ተጣልቶ ወጥቶ እንደሚመለስ ባል፣ በሩን በርግዶ። የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተኝ። ቁጥሩ ጠፋ። በመስኮት ስመለከት ኮረብታው ላይ ያሉት የነፋስ ማመንጫዎች በሰላም ይሽከረከራሉ። አንተ ብትሆን ያለ ስታብላይዘር ስፒናውን አትሰካም ነበር። እኔ "አዲስ ነው፣ ምን ይሆናል" አልኩ። ፊዚክስ የማስተምረው እኔ።

ጠጋኝ አመጣሁ። ትሑት ሰው ነው። እጁ ግን ንጹሕ ነበር፤ እንዳንተ ጥፍሩ ሥር ጥቁር የለበትም። ተስፋ የቆረጥኩት እሱን ሳይ ነው። ከኋላ ከፈተ፣ አየ፣ ዘጋ። ቦርዱ ነው አለኝ። ይጠገናል? አልኩት። ቦርድ አይጠገንም፣ ይቀየራል። እሺ ይቀየር። የዚህ ዓይነቱ ቦርድ አይመጣም፣ ሌላ ፍሪጅ ቢገዙ ይሻላል። ገና ስምንት ወሩ ነው እኮ አልኩት። ፈገግ አለ፤ በክፋት አይደለም። "ቲቸር፣ ይሄ እንዲጠገን ተብሎ አልተሠራም" አለኝ።

እንዲጠገን ተብሎ አልተሠራም። ይህንን ከደራ፣ ከኩየራ፣ ከአርሲ ነገሌ ሬዲዮናቸውን በነጠላ ቋጥረው ይመጡ ለነበሩ ደንበኞችህ ማን ይነግራቸዋል? ሱቅህ ውስጥ አሁን የስልክ ሽፋን ይሸጣል። መደርደሪያህን ሮዝ ቀለም ቀብተውታል። በዚያ በኩል ላለማለፍ ሁልጊዜ በገበያው እዞራለሁ።

እስካሁንም የዞርኩት ፈርቼ ነው። ልነግርህ የፈለግሁት ስለ አሮጌው ፍሪጅ ነው።

አንተ የከፈትከውን ዕቃ ሳትጽፍበት አትዘጋም ነበር። ሬዲዮ ይሁን ካውያ፣ በክዳኑ ውስጠኛ ገጽ፣ ባለቤቱ በማያየው ቦታ፣ በእርሳስ። ምን እንዳገኘህ፣ ምን እንደቀየርክ፣ ምን እንደቀረው። ልጅ ሆኜ ለማን ነው የምትጽፈው ስልህ፣ "ከእኔ ቀጥሎ ለሚከፍተው፤ እንዳይደናበር" አልከኝ። ማንም ባይከፍተውስ? "እሰየው! አልተበላሸም ማለት ነው።" እስክሪብቶ በሙቀት ይደበዝዛል፣ እርሳስ ይቆያል ትል ነበር። በዚህ ከተማ ስንት ቤት ውስጥ፣ በተዘጋ ቆርቆሮ ጀርባ፣ የእጅ ጽሕፈትህ እንዳለ አላውቅም። አንዳንዴ ክፍል ውስጥ ስለ ኤሌክትሪክ እያስተማርኩ ይህ ትዝ ይለኝና አረፍተ ነገሬ ይቋረጣል።

የእኛ ፍሪጅ በዕድሜ እኔን ይበልጠኝ ነበር። እጀታው በሽቦ የታሰረ፣ ነጭነቱ ወደ ቅቤ የሄደ። ቴርሞስታቱ ሲበላሽ ምትክ ፍለጋ ሻሸመኔ ድረስ ሄደህ ባዶ እጅህን ተመለስክ። እስኪገኝ ብለህ ዳይሬክት አደረግኸው። የሙያችሁ ቃል ነው። "በቃ፣ ቀዝቅዟል፣ አሁን እረፍ" የሚለውን ዕቃ ከመንገድ ታወጡትና ሽቦውን በቀጥታ ታገናኛላችሁ። ሞተሩ ከዚያ በኋላ አያርፍም። ጊዜያዊ ነው አልከን። ሰባት ወር ያለ ዕረፍት ጮኸ። ከጩኸቱ በላይ ማውራት ለመድን።

በዚያ ሰባት ወር የእማዬ ኢንሱሊን ሁለት ጊዜ በረዶ ሆነ። በረዶ የሆነ ኢንሱሊን ይጣላል። ሁለተኛው ጊዜ ቤቱ ውስጥ እንግዶች ነበሩ፣ ከደብረ ብርሃን የመጡ የእማዬ ዘመዶች። እነሱ ፊት፣ "ይሄን ቆርቆሮ ጣልልን! እናቴን ሊገድላት ነው!" አልኩህ። አንደኛዋ ሴትዮ "ተይ አንቺ፣ አባት እኮ ነው" አለችኝ። አንተ ሻይህን ጨረስክ፣ ብርጭቆውን አስቀመጥክ፣ ወደ ሱቅህ ሄድክ። ኢንሱሊኑም ከዚያ ቀን ጀምሮ እትዬ ዘሃራ ቤት ተቀመጠ።

ያን ቀን ትክክል ነበርኩ። አሁንም እንደዚያ አስባለሁ። ግን ቃሉን መርጬ መናገር እችል ነበር። ቆርቆሮ ያልኩት ፍሪጁን ብቻ እንዳልነበር ሁለታችንም ሰምተናል።

ከዚያ በኋላ ስለ ፍሪጁ አላወራንም። ስለ ሌላውም ጥቂት ነው ያወራነው። አንተ ዝም አልክ፣ እኔ ደህና ነው ብዬ ወሰድኩት። የደረት ኪስህ ውስጥ ማስታገሻ ክኒን ትይዝ እንደነበር ያወቅነው ሆስፒታል ሸሚዝህን ሲያስረክቡን ነው። ጨጓራ ነው ትለን ነበር፣ በርበሬ እየቀነስክ። ጉበትህ ነበር። ሐኪሙ ሕመሙ የቆየ ነው ካለ በኋላ፣ ይህን ያህል ጊዜ እንዴት ችሎ ሠራ ብሎ ጠየቀን። እማዬ አለቀሰች። እኔ ግን መልሱ ወዲያው ገባኝ። ራስህን ዳይሬክት አድርገህ ነበር። አሁን እረፍ የሚለውን ከመንገድ አውጥተህ።

ተናድጄብሃለሁ፣ አባዬ። እስከ ዛሬ አልበረደልኝም። የሰውን ሬዲዮ ሁሉ ሕመም በእርሳስ የሚመዘግብ ሰው፣ የራሱን አንድ መስመር አልጻፈልንም።

በአርባህ ማግስት ኩሽና ገባሁ። አንተ ሆስፒታል ከገባህበት ቀን ጀምሮ፣ ከዚያም በለቅሶው፣ ቤቱ ከሰው ተለይቶ አያውቅም፤ የፍሪጅ ድምፅ የሰማም ያዳመጠም አልነበረም። ያን ቀን ሰው ሁሉ ሄዶ ቤቱ ባዶ ሆነ። ፍሪጁ ጸጥ ብሏል። ያ ሰባት ወር ሲጮኽ የነበረው። ጆሮዬን በሩ ላይ አደረግሁ። ምንም። የውስጡ አምፖል ከተቃጠለ ቆይቷል፣ እሱ አይነግረኝም። ይሄም ሄደ አልኩ። እማዬ ጥግ ተቀምጣ "ትንሽ ጠብቂ፣ ይነሳል" አለችኝ። ሐዘን ነው የሚያናግራት ብዬ አለፍኳት። በመንገድ "ቆራሌው!" የሚል ድምፅ ሰማሁና ወጥቼ ጠራሁት። ስፒናውን የነቀልኩት ራሴ ነኝ። ቆራሌው ጋሪው ላይ ከመጫኑ በፊት ውስጡ የቀረ አንድ ጠርሙስ ውኃ አገኘ። ጠጣውና "እህቴ፣ ቀዝቃዛ ነው እኮ" አለኝ።

የትናንት ቅዝቃዜ ነው፣ አልኩት።

እጄን አስገብቼ አልዳሰስኩም። ጆሮዬን አመንኩ።

የአዲሱ ቦርድ ከተቃጠለ በኋላ ያንን ቆራሌ መንገድ ላይ ጠብቄ ያዝኩት። ምናልባት ይገኝ ይሆናል ብዬ፣ ምናልባት የሚጠግነው ሰው ይኖር ይሆናል ብዬ። አልረሳኝም። "የጋሽ ታደሰ ፍሪጅ? እሱማ ደራ ገባ። ጎሚስታ ወስዶታል።" ጎማ የሚጠግን ሰው ፍሪጅ ምን ያደርግለታል? ስለው ሳቀብኝ። "ሞተሩን ነዋ! አስተማሪ ነሽ አይደል እንዴ?"

ቅዳሜ ሚኒባስ ተሳፍሬ ደራ ሄድኩ። ወርጄ በመንገዱ ዳር ስሄድ፣ ቤቱን ሳላየው ሰማሁት። ሲነሳ አንዴ ይስላል፣ ከዚያ ጉሮሮውን ጠርጎ ይቀጥላል። ተወልጄ እስካድግ ከግድግዳ ማዶ የሰማሁት ድምፅ የባጃጅ ጎማ ይነፋል። መንገድ ዳር ቆሜ አዳመጥኩት።

ሰውየው ሱሌማን ይባላል። ሞተሩን ቆርጦ አውጥቶ ከአሮጌ ሲሊንደር ጋር አያይዞታል። የፍሪጁ ሳጥን በጀርባው ተንጋሎ የጎማ ከለመዳሪ ማስቀመጫ ሆኗል። ከሞተሩ ኋላ የነበረው የቆርቆሮ ክዳን ማስቲሽና ሞረድ ይዟል። የማን ልጅ እንደሆንኩ ስነግረው እጁን በጨርቅ ጠርጎ ጨበጠኝ። "ኦቦሌቲ፣ እህቴ፣ እኔም የገዛሁት ጽሑፉን አይቼ ነው" አለ። ማስቲሹን አነሳ፣ ክዳኑን ገለበጠልኝ።

ያንተ እርሳስ። የብዙ ዓመት ዝርዝር፤ ጋዝ ተሞልቷል፣ የበር ላስቲክ ተቀይሯል፣ ሞተር ጤነኛ ነው። "ዳይሬክት ተደርጓል፣ ጊዜያዊ" የሚለውም አለ። ከሁሉም በታች፣ ፊደሉ ተንጋዶ፦ "ቴርሞስታት ከሌላ ፍሪጅ ተነቅሎ ተገጥሟል። ዳይሬክቱ ተነስቷል። በራሱ ያርፋል፣ በራሱ ይነሳል። ዝም ሲል ጠብቁት። አትጣሉት።" ቀኑ ሆስፒታል የገባህበት ቀን ዋዜማ ነው።

ደግሜ አነበብኩት። ስሜን ፈለግሁ። የለም። "አትጣሉት" ማንን ነው? እኔን ነው ወይስ ማንንም? ኩሽና ገብተህ "ሠርቼዋለሁ" ብትለኝ ምን ነበረበት? አንድ ቃል እኮ ነው። አኩርፈህ ነበር? ወይስ አስተማሪ ናት፣ ዝም ማለቱን ስትሰማ ራሷ ይገባታል ብለህ? ሁለተኛው ከሆነ ይብሳል።

ፍሪጁ ዝም ያለው ድኖ ነበር፤ እኔ ሞተ አልኩ። አንተ ዝም ያልከው ታመህ ነበር፤ እኔ ደህና ነው አልኩ።

ሱሌማንን ሞተሩን እንዲመልስልኝ ለመንኩት። ቢመልስልኝም እንደማይጠቅመኝ እያወቅሁ፤ ተቆርጦ ወጥቷል፣ ጋዙም ሄዷል። "ይሄን ከወሰድሽ በምን ልንፋ፣ በአፌ?" አለኝ። ተራ የሚጠብቁት ሾፌሮች ሳቁ። አንዱ "ጉንጭህን እናውቀዋለን፣ አያንስህም!" አለው። እኔም ሳቅሁ፤ ከዚያ ሳቁ ሌላ ነገር ሆነብኝና ፊቴን አዞርኩ። ሱሌማን ክዳኑን በጋዜጣ ጠቅልሎ ሰጠኝ። ለማስቲሹ ሌላ ቆርቆሮ አያጣም።

ባለፈው ሐሙስ እኩለ ቀን ላይ እትዬ ዘሃራ በአጥር ጮኸች። "ድረሺ! ፍሪጄ ጸጥ አለ! የእናትሽ መድኃኒት!" አርጅቷል፣ አንተ ስንት ጊዜ የከፈትከው ነው፤ እዚህ ሰፈር አንተ ከነካሃቸው ፍሪጆች የቀረን እሱ ነው። ሮጥኩ። እማዬ ቀድማኝ ደርሳ በርጩማ ላይ ተቀምጣለች። በእውነት ጸጥ ብሏል። ልቤ ያንኑ የድሮውን ነገር አለኝ፤ በቃ፣ ይሄም ሄደ። እጄ ግን በሩን ከፈተ፣ ገባ፣ የብልቃጡን ጎን ነካ። ቀዝቃዛ ነው።

ጠብቁ፣ አልኩ።

"ምኑን ነው የምንጠብቀው? ወላሂ ሞቷል!"

ጠብቁ።

ሦስታችንም ጠበቅን። እትዬ ዘሃራ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች፣ እማዬ እኔን እያየች፣ እኔ እጄን ሳላወጣ። ከዚያ ፍሪጁ አንዴ ሳለ። ተነሳ። እማዬ "ብዬሽ ነበር" ማለት ትችል ነበር። አላለችም። ነጠላዋን አስተካክላ ወደ ቤት ሄደች።

ክዳንህ አሁን እኔ ክፍል ነው። ካንተ መስመር በታች ቦታ ነበረው። እርሳስ ቀርጬ ጻፍኩበት፦ "ሳይዳሰስ ተጣለ። የጣልኩት ልጁ ነኝ።" ቀን አደረግሁበት። ከእኔ ቀጥሎ ለሚያነበው።

አልረሳህም ብሎ ሁሉም ይጽፋል። እኔ የምገባልህ ቃል ትንሽ ነው። ዝም ያለ ነገር ሲያጋጥመኝ፣ ከመፍረዴ በፊት እጄን አስገባለሁ። በዚያን ጊዜ ሁሉ አንተን አስታውሳለሁ፤ ከነንዴቴ።

እዚህ ላይ ላቁም። እማዬ ከጠዋት ጀምሮ ዝም ብላለች። ደህና ነኝ ብላኛለች። ልነሳና ግንባሯን ልንካው።

ልጅህ