ጥላው ከሄደችው ሚስት፣ ለክቡር ሥራ አስኪያጁ

ለክቡር የሆስፒታላችን ዋና ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

ክቡርነትዎ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት እንደ ሰነበተ በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። ይህን የምለው ለወጉ ያህል አይደለም፤ ጤና ሲጓደል ወደ እርስዎ ሆስፒታል መምጣት ስለሚከተል፣ ለጠላቴ እንኳ የማልመኘውን ለእርስዎ ልመኝ አልፈልግም። ጭንቅላትዎ ከራስ ምታት ይጠበቅ፣ ትዝታዎ ሳይጎድል ይቆይ፣ ማታ ቤትዎ ሲገቡም ማን እንደሆኑ የሚያውቅ ሰው በር ይክፈትልዎ።

እኔ የአንድ ፀጉር አስተካካይ ሚስት ነኝ። በእናንተ መዝገብ ግን ሁለት ሰው ነኝ፤ አንዷ በየሕክምናው ቀን የምትመጣው የታማሚው እህት፣ ሌላዋ ጥላው የሄደችው ሚስት። እህቱ ከሞተች ብዙ ዓመት ሆኗታል፤ ሚስቱም አንድ ቀን እንኳ የትም አልሄደችም። ይህ እንዴት እንደሆነ ክቡርነትዎ ለመጠየቅ ጊዜ እንደማይኖርዎ ስለምረዳ፣ ድካምዎን ለመቀነስ ራሴው አስረዳለሁ። ለአንባቢም እንዲቀል ቅሬታዬን በቁጥር አስቀምጣለሁ።

አንደኛው ቅሬታ ሳይሆን ምስጋና ነው። ባለቤቴ ከመታመሙ በፊት ወንበሩ ላይ የተቀመጠን ሰው ሳያስቅ አይሸኝም ነበር። ከዚያ መናገር ተወ፣ ቀጥሎ መብላት ተወ፣ በመጨረሻም ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ቀረ። ውሃ በማንኪያ ሳቀምሰው በከንፈሩ ጥግ ይፈስ ነበር። ኪኒኑ ሁሉ ተሞክሮ አልሆን ሲል ዶክተራችሁ በኤሌክትሪክ የሚሰጠውን ሕክምና አዘዘ፣ እኔም ፈረምኩ። ጎረቤቶቼ አንጎሉን ልታስጠብሺው ነው ወይ ብለው ሲያለቅሱብኝ፣ በማደንዘዣ አስተኝተው ነው የሚሰጡት፣ ምንም አይሰማውም፣ ፊልም ላይ እንደምታዩት አይደለም እያልኩ የተሟገትኩላችሁ እኔ ነኝ። አላሳፈራችሁኝም። አንድ ጠዋት ከተኛበት ቀና ብሎ «ውሃ አለ?» አለ። በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ያለኝ ጥያቄ የለም። ባሌን ከሞት መልሳችሁልኛል፤ ከዚህ ቀጥሎ የምጽፈው ቢመርዎት እንኳ ይህቺን ይያዙልኝ።

ሁለተኛ፣ ቢጫው መስመር። ክቡርነትዎ በዚያ ኮሪደር ስለማያልፉ (ለእርስዎ የተለየ በር እንዳለ ሰምቻለሁ) ላስተዋውቅዎ። ከሕክምናው ክፍል ፊት ለፊት ወለሉ ላይ ቢጫ መስመር ተሰምሯል፤ አስታማሚ ከዚያ አያልፍም። መስመሩን የሚጠብቀውን ዘበኛ እኛ አስታማሚዎች «ቆዩ» ብለን ነው የምንጠራው፣ ከዚህ ሌላ ቃል ከአፉ ስለማይወጣ። ሰዎቻችን በባዶ ሆዳቸው ወደ ውስጥ ሲገቡ ጫማቸውንና ቀበቷቸውን ተቀብለን የፕላስቲክ ወንበሮቹ ላይ እንደረደራለን። ጎን ለጎን ነን፣ ግን ማንም ማንንም እምብዛም አያነጋግርም፤ ሁሉም የሰው ጫማ ታቅፎ ግድግዳ ያያል። ባሌ ያን ያህል ጊዜ ግድግዳው ላይ ምን ያይ እንደነበር ትንሽ የገባኝ እዚያ ነው።

ታማሚው ሲነቃ ነርሷ ስሙን፣ የት እንዳለና ማን እንዳመጣው ትጠይቀዋለች፤ በደንባችሁም የሚሰጠው እሱ ራሱ ለጠራው ሰው ብቻ ነው። ደንቡ መልካም ነው፣ አላፊ አግዳሚው ታማሚ ይዞ እንዳይሄድ ታስቦ የወጣ ነው። ችግሩ፣ ገና የነቃ ሰው የት እንዳለ እንኳ አያውቅም። ባለቤቴ ከተኛበት ክፍል ወጥቶ ከቤት እየተመላለሰ መታከም በጀመረበት ቀን ማን አመጣህ ሲባል «እህቴ» አለ፤ ያሳደገችውን፣ በእጁ የቀበራትን። ቆዩም ብቅ ብሎ «የታማሚው እህት!» ሲል ተጣራ። እኔ እህቱ ስላልሆንኩ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። ሰው ሁሉ የየራሱን ይዞ ሄደ፣ የጽዳት ሠራተኛዋ ወለሉን እየወለወለች እግሬ ሥር ደረሰች፣ እኔ ጫማ ታቅፌ አለሁ። በመጨረሻ ቆዩ መጥቶ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ረጅም ዓረፍተ ነገር ተናገረ፦ «እህቱ አንቺ ነሽ? ካልሆንሽ ዛሬ እዚሁ ሊያድር ነው።» ነኝ አልኩ። ምን ልበል?

ወዲያው «እህት» የሚል ባጅ ተሠርቶ አንገቴ ላይ ተንጠለጠለ። ስለ ፍጥነቱ ከልብ አመሰግናለሁ፤ ከእናንተ ዘንድ በዕለቱ ያለቀልኝ ጉዳይ እሱ ብቻ ነው።

ሦስተኛ፣ ሕክምናው የቅርቡን ትዝታ ሊወስድ እንደሚችል፣ አብዛኛው ቢመለስም ከፊሉ ላይመለስ እንደሚችል ስፈርም የነገረኝ የለም። የነገረችኝ ኋላ ላይ፣ አጠገቤ የልጇን ጫማ ታቅፋ የተቀመጠች አንዲት እናት ናት። እኛ የተጋባነው ጎልምሰን፣ በቅርቡ ነው፤ ስለዚህ የጠፋው ውስጥ ትዳራችን አለበት። ከዚያ በፊት የነበርኩትን እኔን ግን እሱ አልረሳም፤ ሽማግሌ አባቷን ፀጉር ለማስተካከል ይዛ የምትመጣዋን አስተማሪ። ለሕክምናው ከተቀባው ቅባት ጆሮ ግንዱ ላይ የተረፈውን በእርጥብ ጨርቅ ስጠርግለት «መምህርት፣ ለምን ይደክማሉ?» ይለኛል፣ ያ አንቺ እያለ ሲያሾፍብኝ የነበረ ሰው። አባባ እንዴት ናቸው ብሎም ይጠይቀኛል። የአባቴን የሬሳ ሳጥን በትከሻው የተሸከመው እሱ ነበር። ደህና ናቸው እለዋለሁ።

መኝታ ቤቱንም ለእንግዳ ብሎ ለቀቀልኝና እሱ ሳሎን ይተኛል። ስንጋባ በአባቴ ሐዘን ላይ ስለነበርን ድግስም ፎቶም አልነበረም፤ ያለን ትዝታ ብቻ ነበር፣ እሱንም አሁን የምጠብቀው ብቻዬን ነኝ። አንዳንዴ እኔው የፈጠርኩት ይመስለኛል። ክቡርነትዎ፣ ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ በጣም ብቸኛ ነኝ።

አራተኛ፣ የማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኛችሁ መዝገቡን ብታይ ባለትዳር ይላል፣ ሚስት ግን እሱ ተኝቶ ከወጣ ወዲህ ዝር ብላ አታውቅም፤ የምትመላለሰው እህት ናት። ጎበዝ ልጅ ናትና አገናዝባ «ባለቤቱ ጥላው ሄዳለች» ብላ ጻፈች። መጻፏስ ባልከፋ። እጁን ይዛ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ እውነቱን መቀበል ለመዳን ይረዳል ብላ ነገረችው። እሱም ተቀበለ። እኔ በዚያ ሰዓት ከቢጫው መስመር ወዲህ ነበርኩ።

ቤት ገብተን ሚስትህ እኮ እኔ ነኝ ብዬ ብነግረው ዓይኑ በእንባ ሞላ። ለእኔ አዘነልኝ። «እርስዎ ደግ ሰው ነዎት፣ ግን ሆስፒታሉ ነግሮኛል» አለ። ጎረቤት ቢመሰክርም ሊያጽናኑት የተመካከሩ ይመስለዋል። አይፈረድበትም፤ ከግድግዳው የመለሰው ሆስፒታሉ ነው፣ እኔ ውሃ እንኳ ማጠጣት አቅቶኝ ነበር።

አምስተኛ ነው መሰለኝ፣ ቁጥሩ ተምታታብኝ። ስህተቱን ለማስተካከል መዝገብ ቤት ብሄድ የጋብቻ ወረቀቴን ለማጣራት ብለው ተቀበሉኝ፤ እስከ ዛሬም እያጣሩት ነው። ሚስት መሆኔ እንዲመዘገብ ታማሚው ማረጋገጥ አለበት አሉኝ። ታማሚው ሲጠየቅ ሚስቴ ሄዳለች አለ፤ ማን ነገረህ ሲባል፣ እናንተ። ኃላፊው እጁን ዘርግቶ «እንግዲህ እሱ ራሱ ብሏል» አለኝ። እንዲህ ያለ ተቋም ለማግኘት መታደል ያስፈልጋል።

እንግዲህ ልመናዬ አጭር ነው። ሕመሙ እንዳይመለስ የሚሰጠው ሕክምና ይቀጥላል፤ ይቀጥልም፣ እኔም ይዤው እመጣለሁ። በሚቀጥለው ቀጠሮ ግን ቢጫውን መስመር አልፌ ሲነቃ አጠገቡ ልቁም፤ አእምሮው ረጋ ሲልም ከእናንተ አንዱ፣ ነጭ ጋዋን የለበሰ ማንም ይሁን፣ «ተሳስተን ነው፣ ሚስትህ ይህቺ ናት» ይበለው። ሊያስታውሰኝ ባይችል እንኳ ጥዬው እንዳልሄድኩ ይወቅ። እስከዚያው ለሚያደርጉት ዝምታ አስቀድሜ አመሰግናለሁ።

የክቡርነትዎን ውድ ጊዜ በመሻማቷ ከወገቧ ዝቅ ብላ ይቅርታ የምትጠይቅ፣
በባጇ የሞተች እህት፣ በመዝገብዎ የጠፋች ሚስት፣ በቤቷም በክብር የተያዘች እንግዳ

የተረሳች ነገር፦ ትናንት ባለቤቴ የጫማውን ክር እያሰረ ቀና አለና «መምህርት፣ እርስዎ ብዙ ሰው ያውቃሉ፤ ምናልባት ሚስቴን ካገኟት፣ አልተቀየመሽም ይበሉልኝ» አለኝ። እነግራታለሁ አልኩት። ክቡርነትዎ፣ መልእክቱ ደርሷታል። መልሷን ግን እናንተ ካላደረሳችሁላት፣ እሱ ከሌላ ከማንም አይቀበልም።