በበሩ የወጣው ማሽን

ይድረስ ለምወድህ፣ እንደ አባትም ለማይህ ወንድም ጋሼ፤

እንዴት ሰነበትክ? ወገብህስ ተሻለህ? ወይስ አሁንም መኪና ሥር ገብተህ ለመውጣት ሰው ትጠራለህ? ባለቤትህ እትዬ ደህና ናት? የአክስቴ ዓይን እንዴት ሆነላት? የልጅህስ ሳል ለቀቃት? እኛ ደህና ነን። እኔ መፍቻ አንሸራትቶኝ አውራ ጣቴን ልጬዋለሁ እንጂ ሌላ የጎደለብን ነገር የለም።

ይህን ደብዳቤ የሚሰጥህ ባለቤቴ ነው። ወደ እናንተ አካባቢ ጭነት ሲደርሰው ጊዜ ሳላጠፋ ተሸከምልኝ አልኩት። ከደብዳቤው ጋር በብርድ ልብስ የተጠቀለለ የሳንቃ እስር ያወርድልሃል። ምን እንደሆነ መጨረሻው ላይ እነግርሃለሁና አትቸኩል ልልህ ነበር፤ ግን አውቅህ የለ፣ ይኼኔ ገልጠህ አይተኸዋል። በስልክ እንዳልነግርህ፣ ላመሰግንህ አፌን ስከፍት "ተይ ባክሽ፣ ካርድሽ እንዳያልቅ" ብለህ ወሬ ትቀይርብኛለህ። ደብዳቤ ሲሆን መሃል ላይ ልታቋርጠኝ አትችልም።

እትዬም ስታነበው ግራ እንዳይገባት ከሥሩ ልጀምር። ማሽኔ ኮምፒውተር ላይ የሣልኩትን ተከትሎ፣ በራሱ እየተንቀሳቀሰ እንጨት የሚቆርጥና የሚፈለፍል ነው፤ በእኛ ሥራ ሲኤንሲ እንለዋለን። ማስታወቂያ የምሠራበት ድርጅት የተገዛ አንድ አለው። እኔ ግን ከሥራ መልስ የራሴን ነገር የምሞክርበት፣ ሙሉ የኮምፔንሳቶ ጣውላ እንዳለ የሚተኛበት ትልቅ ማሽን አማረኝ። አለቃዬ "ግዢውና ተገላገዪ፣ በመጣ በሳምንቱ ትቆርጪበታለሽ" አለኝ። እውነቱን ነበር። ባለቤቴ ደግሞ "የምትፈልጊው ማሽኑን ነው ወይስ መሥራቱን?" ብሎ አፋጠጠኝ። ሁለቱንም አልኩት። ሳቀና የሚገዛው ማሽን በሣጥኑ ምን ያህል እንደሚሰፋ ጠይቆ በራችንን ለካ። አይገባም። እኔም ደስ አለኝ፤ ክርክሩን በሩ ፈረደልኝ ብዬ ራሴ መሥራት ጀመርኩ። ብረቱ በቁራጭ በቁራጭ ገባ፣ ሐዲዱ ገባ፣ ሞተሮቹ ገቡ፣ ማሽኑ እዚያው ክፍል ውስጥ አደገ። እንዴት እንደሚወጣ ግን አንዳችንም አላሰብንም። በር ለክተን፣ ስለ በር ተከራክረን፣ ይህን እንዴት እንደረሳነው አትጠይቀኝ።

አንተ ግን አልረሳህም። አቃፊውን፣ ማሽኑን የሚሸከመውን የብረት አጽም፣ ላስበይድ ነው ስልህ በስልክ ጮህክብኝ። "ብየዳ እንዳታስነኪው! በብሎን እሰሪው፤ በየመጋጠሚያው ደግሞ ፒን ይግባበት፣ ተፈትቶ ሲመለስ ቦታውን እንዳይስት" አልከኝ። ማን ሊፈታው ነው ብልህ "እኔ እንጃ፣ ብቻ እሰሪው" ብለህ ዘጋህ። ጋራዥ ውስጥ ያረጀ ሰው የማይፈታ ነገር ካየ እንቅልፍ አይወስደውም ብዬ ለባለቤቴ አማሁህ። ፒኖቹን ራስህ በብረት መቅረጫው ቶርኖ ላይ አውጥተህ በጨርቅ ቋጥረህ ስትልክልኝ ግን አፈርኩና ታዘዝኩ። ሥራው ከሚገባው በላይ ረዘመ። ጎረቤቶች ገና እግሩንና አግዳሚውን ሲያዩ አልጋ መስሏቸው ነበር፤ ኋላም ሞተር ተገጥሞለት "አልጋው አላለቀም?" ማለታቸውን አልተዉም።

በመጨረሻ ማሽኑ ሠራ። የመጀመሪያዋን ቀጥ ያለች መስመር ሲያወጣ ባለቤቴና እኔ እንደ ልጅ ጨፈርን። ብዙም ሳይቆይ አከራያችን መጡና፣ ልጃቸው ሊያገባ ስለሆነ ቤቱን እንድንለቅላቸው እያፈሩ ለመኑን። ሙሽራው ሊረዳን ብሎ በያጅ ከነመቁረጫው ይዞ መጣ። በያጁ "ለሁለት ሰንጥቀን እናውጣውና እዚያ መልሰን እንበይደዋለን" ሲል ማሽኑ ፊት ቆሜ መንገዱን ዘጋሁበት። ኋላ ተንበርክኮ አየና "እንዴ፣ ይሄማ ይፈታል" ብሎ መሣሪያውን ሰብስቦ ሄደ። እኔ ግን ፍርሃቴ አልለቀቀኝም። መፈታቱን ይፈታል፤ ተመልሶ ሲገጠም ግን ያው ማሽን ይሆናል? ትንሽ ከተጣመመ የሚቆርጠው ሁሉ ጠማማ ነው። ከሥራ መልስ የኖርኩት ዕድሜ በሙሉ እሱ ላይ ነበር።

ፈታነው። አውራ ጣቴም ያኔ ነው የተላጠው። ረጅሙ አግዳሚ ጋደል ብሎ በሩን ሲያልፍ አከራያችን "ተመስገን፣ ግድግዳዬ ተረፈ" አሉ። አዲሱ ቤት ወስደን ስንገጥመው ፒኖችህ አንድ በአንድ ቀዳዳቸውን አግኝተው ገቡ። ሲባጎ ወጥሬ ከጥግ እስከ ጥግ ለካሁ፣ ከዚያ ተሻጋሪውን ለካሁ። እኩል ናቸው፤ አልተጣመመም። ባለቤቴን አንተ ደግሞ ለካ አልኩት፤ እሱም እኩል አለ። ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ወንድም ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ዕድሜህን ያርዝመው። ያለ አንተ ይኼኔ የተቆራረጠ ብረት ታቅፌ ነበር።

ያን ሰሞን ደውዬ ይህን ለአክስቴ ስነግራት፣ እኔ በጀርባ ታዝዬ የነበርኩበትን ጊዜ አወራችኝ። አባባ ለእማዬ መኝታ ቤት ውስጥ የሠራላትን ባለ ሦስት በር ቁም ሳጥን፣ በሙጫና በምስማር የተያዘውን። ያን ቤት ስንለቅ ቢያጋድሉት፣ ቢያቆሙት በበሩ አልወጣ አለ። አባባ መጋዙን አነሳ፣ እጁ እምቢ ብሎት መልሶ አስቀመጠው። አንተ ባዶው ሳጥን ውስጥ ገብተህ በሩን ዘግተህ "እኔም አልወጣም" ብለህ ነበር አሉ። አባባ እየለመነ አወጣህ፤ ቁም ሳጥኑ ከእኛ በኋላ ለገቡት ቀረ። "ወንድምሽ ከዚያ ወዲህ በር ሳይለካ ዕቃ አስገብቶ አያውቅም" አለችኝ። እኔ ደግሞ የጋራዥ አመል መስሎኝ ስስቅብህ ኖሬያለሁ።

እንግዲህ ሳንቃው ያ ቁም ሳጥን ነው፣ ተፈታቶ የመጣ። አክስቴ እንደነገረችኝ ሣልኩት፣ ማሽኑ ቆረጠው። ሦስት በር አለው፣ አናቱ ላይም በድሮው ላይ የነበረችው፣ እማዬ የምትወዳት ቅጠል አለችበት። ሙጫ የለውም፣ ምስማር የለውም፤ አንዱ ሌላው ውስጥ ይገባና በሽብልቅ ይጠብቃል። ከባለቤቴ ጋር ግጠሙት። የመኝታ ቤታችሁን በር ልጅህ በድብቅ ለክታ ነግራኛለች፤ እንዳትለካው አልልህም፣ መለካትህ አይቀርም። ይገባል፤ ይወጣልም።

እትዬን ሳምልኝ፤ የላይኛው መደርደሪያ የእሷ ነው። አክስቴን ጉልበቷን ሳምልኝ፤ ቅጠሏን በእጇ ዳስሳ ትክክል መሆኗን ትንገረኝ። ባለቤቴን ሳታበሉ እንዳትለቁት፤ ደግሞ መኪና ሥር እንዳታስገባው። ልጅህን ምስጢር ስለጠበቀች ሁለት ጊዜ ሳምልኝ። ቁም ሳጥኑ ውስጥ ገብታ በሩን ብትዘጋ አትቆጣት። ከእንግዲህ የትም ብትሄዱ አብሯችሁ ይሄዳል።

ታናሽህ ሚጢጢ

ከአዲሱ ቤታችን፣ ከማሽኑ አጠገብ
ኅዳር 12 ቀን 2016 ዓ.ም.