ሃያብለ የገዛሁት ቤት

እሑድ፣ ሐምሌ 5 ቀን 2001

ቁልፉ እጄ ገባ! ሁለቴ ቆለፍኩት፣ ሁለቴ ከፈትኩት። ለሦስተኛ ጊዜ ልሞክር ስል ደላላው ሽመልስ "ኧረ ተይው አስካለ፣ ትሰብሪዋለሽ" ብሎ ሳቀብኝ። ይሳቅ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በሰው አገር ከማዳም ልብስ ማጠቢያ ማሽን ጎን የተኛች ሴት የገዛ ቁልፏን ብትሰብርስ ማን ምን አገባው?

ቤቱ ሃያብለ ነው። ሚኒባሱ ከሚያወርደኝ ቦታ ሩብ ሰዓት በእግር ያስኬዳል። ቆርቆሮና ጣውላ ነው፤ ጣውላው ከወደብ የወጣ የዕቃ ሣጥን ስለሆነ ግድግዳው ላይ የቻይና ጽሑፍ አለበት። አንድ ክፍል፣ ግን ሰፊ። በሩ ሰማያዊ ነው። መስኮቱ ደግሞ መዝጊያ ያለው የምር መስኮት ነው፤ ማሽኗ ጋ መስኮት አልነበረኝም።

የሸጠልኝ ዋይስ የሚባል የዚሁ አገር ልጅ ነው። ለራሱ ሠርግ ብሎ የሠራው ነው። አሁን ሚስቱ ሐርጌሳ ወላጆቼ ጋ ካልሄድን ብላ አስጨንቃው ይዟት ሊሄድ ነው። ወረቀቱ በፈረንሳይኛ ስለሆነ ሽመልስ አነበበልኝ። "ቤቱን ሸጬላታለሁ ይላል፣ ሌላ ነገር የለበትም" አለ። ሌላ ነገር ስለሌለበት ደስ ብሎኝ ፈረምኩ። ዋይስ ጉንጩ በጫት እንደተወጠረ "መብሩክ" አለኝና ሄደ።

እስከ ዓርብ የሚሠራ፦
- ወለሉን መጥረግ፣ ምንጣፍ
- ለቃልኪዳን አልጋ (ትንሽ ትሁን? አሥራ አንድ ዓመት ሆኗታል፣ ትልቅ)
- አጎበር
- ከጎረቤት የመብራት ገመድ መለመን
- ኩሽና!!

ልጄ ዓርብ ትመጣለች። የሁለት ዓመት ሕፃን ሆና ነው ድሬዳዋ እህቴ ጋ የተውኳት። በስልክ "መቼ ትወስጅኛለሽ?" ስትለኝ "ቤት ሲኖረኝ" እላት ነበር። እህቴ ዘንድሮ አምስተኛዋን ወልዳለች፣ "ከዚህ በላይ አልችልም" ብላኛለች። ትምህርት ተዘግቷል። ጋሽ በቀለ የሚባል የከባድ መኪና ሾፌር፣ የአገራችን ሰው ነው፣ ጋቢና ውስጥ አስቀምጦ ያመጣታል።

አንድ ነገር ብቻ ዓይኔን ወጋኝ። ግቢው ጥግ ላይ ዳስ ቢጤ አለ። ጆንያና ስባሪ ቆርቆሮ። ውስጡ አንዲት ቀጭን አሮጊት ትኖራለች። ሰፈርተኛው ኤዶ ሙሚና ይላታል፤ ኤዶ በሶማልኛ አክስቴ ማለት ነው። ሽመልስን ማናት ብዬ ስጠይቀው "የዋይስ ዘመድ ነገር ናት፣ ትሄዳለች" አለኝ።

ትሄዳለች። ኩሽናዬ እዚያ ነው የሚሆነው።

ሰኞ፣ ሐምሌ 6

ማዳም ቤት መግዛቴን ስነግራት አጨበጨበች። ወዲያው ደግሞ የኔን ጥግ ለማን እንደምትሰጠው ነገረችኝ። ከሐረር የመጣች ልጅ አግኝታለች፣ ማደሪያ ትፈልጋለች፣ ዛሬ ትገባለች። እኔ ከእንግዲህ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ገብቼ ከሰዓት እወጣለሁ። ፍራሼን ሳነሳ ከሥሩ የቃልኪዳን የአራት ዓመት ፎቶ ወጣ። ጠፋ ብዬ ያለቀስኩበት ነበር።

ከሥራ ስወጣ ሽመልስን ይዤ ሃያብለ ሄድኩ። ለኤዶ ሙሚና በዚያች በገበያ ሶማልኛዬ እስከ ነገ ቦታውን እንድትለቅ ነገርኳት። ሎሚ እየመረጠች ነበር፤ ቡላኦስ ገበያ ሎሚ ትሸጣለች። ቀና ብላ "ቤቱን ገዛሽ?" አለችኝ። አዎ አልኳት። "ሐዬ" አለች፣ እሺ እንደማለት፤ ወደ ሎሚዋ ተመለሰች።

ንቀት መሰለኝ፣ ደሜ ፈላ። ወደ ሽመልስ ዞሬ በአማርኛ የአፌን ተናገርኩ። "ይቺ ሞት የረሳት አሮጊት፣ በኔ ግቢ ልትጃጅ ነው እንዴ?" አልኩ። ሌላም ብያለሁ፣ አልጽፈውም። ሽመልስ ሳቀ። እሷ ሎሚ መረጠች።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 7

ሥላሴ። ማዳምን አስፈቅጄ ግማሽ ቀን ወጣሁ።

አሮጊቷ ገበያ ናት። ዳሱ እንዳለ ነው። አልነካችውም፣ አንዲት ጆንያ አላነሳችም። ትንሽ ቆምኩ። ከዚያ መዶሻ ተዋስኩና አፈረስኩት። ግማሽ ሰዓት አልፈጀብኝም። የጠፍር አልጋዋን፣ የውሃ በርሜሏን፣ አንድ የጨርቅ ጥቅልና አንድ ድስት አውጥቼ መንገድ ላይ ደረደርኩ። በሥርዓት ነው የደረደርኩት፣ አልወረወርኩም። ይህን የምጽፈው ለማን እንደሆነ አላውቅም።

ጎረቤቶቹ በራቸው ላይ ቆመው አዩኝ። መብራት የምለምናት ሴትዮ ልጆቿን ወደ ውስጥ አስገባች።

ቦታው ሲጸዳ ግን ደስ አለኝ፣ ለምን እዋሻለሁ? ሁለት ድንጋይ ጎልቼ ከሰል አያያዝኩ። በራሴ ኩሽና፣ በራሴ ግቢ ሽሮ ሠርቼ በላሁ።

ቃልኪዳን በጋሽ በቀለ ስልክ ደወለች። ነገ ሊነሱ ነው።

"እማዬ፣ ቤታችን ስንት ክፍል ነው?"

"ሁለት" አልኳት። ኩሽናውን ቆጥሬ ነው።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 8

በቅደም ተከተል ልጻፈው።

ከሥራ ስመለስ ኤዶ ሙሚና ሰማያዊው በር ፊት በርሜሏ ላይ ተቀምጣለች። የሰፈሩ ሹም አጠገቧ ቆሟል። ጎረቤቱ በሙሉ ወጥቷል። ሹሙ ወረቀቴን ጠየቀኝ፤ ሰጠሁት። እሷ ከጡቷ ሥር በላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት አወጣች፤ ማኅተም አለበት፣ ፎቶዋ አለበት። ሹሙ ሁለቱንም አነበበና ቀስ ብሎ፣ ለሕፃን እንደሚነገር አድርጎ በሶማልኛ አስረዳኝ።

ዋይስ ልጇ ነው። የበኩር ልጇ! ግቢው የሷ ነው፣ በስሟ ነው። ልጁ ሲያገባ በእናቱ መሬት ላይ ቤት ሠራ። ሚስትየው ከአማት ጋር አልኖርም ስትል እናትየው ዳስ ሠርታ ወጣች። አሁን ልጁ የሠራውን ሸጠ። የሸጠልኝ ቆርቆሮና ጣውላ ነው። ወረቀቱም የሚለው ይህንኑ ነው፣ ውሸት የለበትም።

"ቤቱ ያንቺ ነው" አለ ሹሙ። "ማንም አይወስድብሽም። መሬቱ የሷ ነው። ቤትሽን ነቅለሽ ውሰጂ።"

ወዴት? በምን ላይ ልተክለው?

ለምን ቀድማ አልነገረችኝም ብዬ ጮህኩ። ሹሙ ጠየቃት። መለሰች፤ የመለሰችውን ሳይተረጎምልኝ ገባኝ። ማን ጠየቀኝ፣ ነው ያለችው።

እውነት ነው። መሬቱ የማን ነው ብዬ አንድም ሰው አልጠየቅኩም። እኛ አገር መሬት የመንግሥት ነው፤ ሰው ቤት ገዛ እንጂ መሬት ገዛ አይባልም። ከቤት ሥር ያለውን ማን ያስባል? ጣራውን አየሁ፣ በሩን አየሁ፣ መስኮቱን ከፍቼ ዘጋሁ። መሬቱን ጠረግኩት እንጂ አላየሁትም።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 9

የዋይስ ስልክ ዝግ። አሥራ አራት ጊዜ።

ሽመልስን ያገኘሁት ጫቱ ከአገር ቤት ደርሶ ከተማው ሁሉ ጉንጩን ሲይዝ ነው። ተጋድሞ እየቃመ "ቤት ፈለግሽ፣ ቤት አገኘሁልሽ። ታዲያ ቤት የለሽም እንዴ?" አለኝ። አጠገቡ ያሉት ሳቁ። ሌላው ቀርቶ ራሴም ልስቅ ትንሽ ቀረኝ። በሰው ቁስል እንጨት መስደድ ይሏል ይሄ ነው።

ማዳም አዘነችልኝ፣ የምር። ጥጉ ግን ተይዟል። የሐረሯ ልጅ ፎቶዎቿን ግድግዳው ላይ ለጥፋለች። "ልጅ ደግሞ ቤቴ ውስጥ አልችልም፣ ታውቂኛለሽ" አለችኝ ማዳም። አውቃታለሁ።

ያሰብኳቸው ነገሮች፦
- ቤቱን አፍርሶ ቆርቆሮውን መሸጥ። ከዚያስ?
- ቃልኪዳንን ከድንበር መመለስ። እህቴ በሩን ትከፍትልኛለች?
- ዋይስን ሐርጌሳ ድረስ መከተል። (እብደት)
- አሮጊቷን መለመን

የመጨረሻውን ስጽፍ ፊቴ ተቃጠለ። የማክሰኞው መዶሻ አሁንም እኔ ጋ ነው፣ ለባለቤቱ አልመለስኩም።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። እኔ የምለቅመውም የለኝ።

ዓርብ፣ ሐምሌ 10

ጋሽ በቀለ ደወለ። ድንበር ላይ የመኪናው ሰልፍ አልንቀሳቀስ ብሏል፣ እሑድ እንገባለን አለ። በሕይወቴ ሰልፍን ሳመሰግን ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

ለመንኳት።

ሦስት ሌሊት ጎረቤት አድራለች። ጁምዓ ሰግዳ ስትመለስ ጠብቄ እግሯ ላይ ወደቅኩ። የማውቃትን ሶማልኛ ሁሉ ደረደርኩ፦ ልጅ፣ መንገድ፣ ይቅርታ፣ እናት። ኪራይ እከፍላለሁም አልኩ። ስጨርስ አፏን ከፈተች፤ የወጣው አማርኛ ነው።

"ድሬዳዋ አሥራ ሰባት ዓመት ነግጃለሁ" አለች። "ቀፊራ ገበያ። ተነሺ፣ ልብስሽ ቆሸሸ።"

ሰኞ ያልኩትን ሁሉ ሰምታለች ማለት ነው። እዚህ ያልጻፍኩትን ጭምር። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ፤ መሬቱም የሷ ነው።

ኪራይ አልፈልግም አለች። የምትፈልገውን ነገረችኝ። ያፈረስኩትን በእጄ መልሼ እሠራለሁ። እሷ ሰማያዊው በር ትገባለች፣ እኔ ዳሱ ውስጥ። ቤቱ የኔ እንደሆነ ይቀራል፤ ነቅዬ ልሂድ ባልኩ ቀን አትከለክለኝም።

"እስከ መቼ?" አልኳት።

"ሞት የረሳኝ ነኝ አላልሽም?" አለችኝ። "እስኪያስታውሰኝ ጠብቂ።"

አልሳቀችም፣ አልተቆጣችም። የሎሚ ዋጋ እንደምትናገር ነው የተናገረችው። እሺ አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ?

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 11

ዳሱን ሠራሁ። ማፍረሱ ግማሽ ሰዓት፣ መሥራቱ ቀኑን ሙሉ። ማዳም ጋ ታምሜያለሁ ብዬ ላክሁ።

ካምሲኑ፣ ይህ የሐምሌ የአሸዋ ነፋስ፣ ጆንያውን ሦስት ጊዜ ነጠቀኝ። እሷ በሩ ላይ ቁጭ ብላ ትመራኛለች። "ዝቅ አድርጊው። በዚያ በኩል ፀሐይ ይገባል። ድንጋይ ጫኚበት።" ሁሉም ልክ ነው፣ ስንት ዓመት ኖራበታለች። አውራ ጣቴን በመዶሻ መታሁት፤ ጥፍሩ ጠቁሯል።

የጠፍር አልጋዋን፣ በርሜሏን፣ ድስቷን እኔው ተሸክሜ አስገባሁላት። መንገድ ላይ እንደደረደርኩት በሥርዓት። የማዳምን አሮጌ ቬንትሌተር ገዝቼ ነበር፣ እሱም እዚያው ቀረ፤ የጎረቤቷ ገመድ ዳሱ ድረስ አይደርስም። ጎረቤቷ ትናንት እምቢ ያለችኝን መብራት ዛሬ ለሷ ሳትለመን ሰጠች።

ለቃልኪዳን የገዛሁት አልጋ ዳሱ አይበቃውም። በቁሙ ተደግፎ ውጭ አደረ።

ቁልፉን ስሰጣት አንድ ጊዜ ቆልፋ አንድ ጊዜ ከፈተችው።

እሑድ፣ ሐምሌ 12

ሚካኤል። ቀትር ላይ መጣች።

ከመኪናው ማቆሚያ ስቀበላት እሷ እኔን አወቀችኝ፣ እኔ ግን ሌላ ልጅ አቀፍኩ። አጠገቧ የቆመች የሌላ ሰው ልጅ። ጋሽ በቀለ ፊቱን አዞረ። ቃልኪዳን ቀስ ብላ "እማዬ፣ እኔ ነኝ" አለችኝ። ረጅም ሆናለች። ይህን ዕድሜዬን ሙሉ አልረሳውም።

መንገዱን ሁሉ ምን ብዬ እንደምነግራት ሳሰላስል መጣሁ። ቤቱ ይታደሳል ልበላት? ትኩሳት ያለባት እንግዳ አሳርፈናል? ግቢው ስንደርስ ሰማያዊውን በር አየችና ሮጠች። በስልክ ነግሬያታለሁ፣ ስለ በሩ ብዙ ነግሬያታለሁ። ኤዶ ሙሚና ከፈተች። ልጄን ከእግር እስከ ራሷ አየቻት።

"ነይ ግቢ፣ ፀሐዩ ይገልሻል" አለቻት በአማርኛ። እኔን አላየችኝም። ልጅቷ ዞራ አየችኝ። ግቢ አልኳት። በቁሙ ያደረውን አልጋ ኤዶ ሙሚና በዓይኗ አሳየችኝ፤ ተሸክሜ እስከ ደፍ አደረስኩት። ከደፉ ወዲያ እሷና ቃልኪዳን ጎትተው አስገቡት፤ መስኮቱ ሥር ዘረጉት።

ዳሱ ውስጥ ተቀምጬ ሰማሁ። ቬንትሌተሩ ሲጮህ። ልጄ ስለ መንገዱ ስታወራ። አሮጊቷ ቀፊራ አሁንም የግመል ወተት ይሸጣል ወይ ብላ ስትጠይቃት። ሳቁ። ቀናሁ፣ የገዛ ልጄን በማሳቋ በአንዲት አሮጊት ቀናሁ። ቀጥሎ ደግሞ ልጄ ዛሬ ቀዝቀዝ ባለ ቦታ፣ መስኮት ሥር እንደምትተኛ አሰብኩና ደረቴ ለቀቅ አለኝ። ሁለቱም እውነት ነው።

ትንሽ ቆይታ ቃልኪዳን አንድ ብርጭቆ የሎሚ ውሃ ይዛልኝ ወጣች። ላቧን ጠረግኩላት።

"እማዬ፣ ኤዶን ቤቱ የማነው ብዬ ጠየቅኳት።"

"ምን አለችሽ?"

"የእናትሽ ነው አለችኝ።" ዳሱን ዙሪያውን አየችው፤ ጆንያውን፣ ድንጋዩን፣ ጥቁሩን ጥፍሬን። "ታዲያ ለምን ውጭ ተቀመጥሽ?"

ውስጡ ይሞቃል አልኳት።

አመነችኝ መሰለኝ። ብርጭቆውን ይዛ ተመለሰች፤ በሩም ተዘጋ። ሰፈሩ ሁሉ ቀትሩን ሽሽት ተኝቷል። ይህን የምጽፈው ደብተሩን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ነው። ቁልፉ ሲዞር ሰማሁ፣ በውስጥ በኩል፣ አንድ ጊዜ ብቻ።