ምድር ስትንቀጠቀጥ ጽዋው ቤታችን ነበር

ውድ ታዴዬ፣

ከተለያየን ዓመት አልፎ፣ ክረምቱም አንድ ጊዜ ገብቶ ወጥቷል። የሙት ዓመትህን ካወጣን በኋላ ልጽፍልህ አስቤ ነበር፤ ምን ብዬ እጀምራለሁ እያልኩ ቀኑ ሄደ። እንዴት ነህ ብዬ አልጠይቅህም። በሕይወት እያለህም ሬዲዮ ፈትተህ ከሆነ የጠየቅሁህን አትመልስልኝም ነበር፤ አሁን ያለህበት ቦታ ደግሞ ከሬዲዮ የበለጠ የሚያስደንቅ ነገር ሞልቶበት ይሆናል። ስለዚህ እኔው ስለ እኛ ልንገርህ።

ዊንጌት ያለውን ሱቅህን አንድ ስልክ ጠጋኝ ተከራይቶታል። «ሬዲዮ ይጠገናል» የሚለውን ጽሑፍህን አላነሣውም፤ ደንበኛ ያመጣልኛል ይላል። ልጃችን ሰላም ሳሪስ ቤት ተከራይታ ገባች፤ ትዳሯም ሥራዋም ደህና ነው። የእኛ ኮንዶሚኒየም ያው ነው። ውሃው አንዳንድ ቀን አራተኛ ፎቅ ድረስ ይመጣል፣ አንዳንድ ቀን ይረሳናል።

ያልሰማኸው ነገር አንድ ነው፤ ምድር መንቀጥቀጥ ጀመረች። ከወደ አዋሽ በኩል የሚነሣ ነው ይላሉ፣ ግን እኛም ጋ ይደርሳል፤ ፎቅ ላይ ላለ ሰው ደግሞ ይብሳል። የመጀመሪያው ቀን አመሻሽ ላይ ምስር እየለቀምኩ ነበር። የሳሎኑ አምፖል ሲወዛወዝ አየሁና ደም ግፊቴ ነው ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። ስገልጥ የቁም ሳጥኑ በር ይንኳኳል፣ ብርጭቆዎቹ እርስ በርሳቸው ይጋጫሉ። ከዚያ በኋላ እንዴት እንደወረድኩ አላውቅም። ግቢው ውስጥ ራሴን ሳገኘው በባዶ እግሬ ነኝ፤ ነጠላዬን ትቼ ያንተን ካፖርት አቅፌአለሁ። ሰው ወርቁን ይዞ ይወጣል፣ እኔ ብብቱ የተቀደደ ካፖርት!

ከዚያን ቀን ጀምሮ ፍርሃት ቤታችን ገባ፤ እንደ ሩቅ ዘመድ ልሂድ አይል፣ ሂድ ቢሉት አይሰማ። ልብሴን ሳላወልቅ መተኛት ጀመርኩ። ሦስተኛ ፎቅ ያለችው ጎረቤታችን የልብስ ማጠቢያ ማሽን ገዝታ፣ ማሽኑ ሲጨምቅ ወለሉ ቢነቃነቅብኝ፣ «ውጡ! ውጡ!» እያልኩ ደረጃውን ወረድኩት፤ ግማሹ ብሎክ ተከትሎኝ ወረደ። እስካሁን ሲያገኙኝ «አይዞሽ፣ ዛሬ ልብስ አላጠብንም» ይሉኛል። አብሬ እስቃለሁ። ብቻዬን ስሆን ግን ደረቴን ያፍነኛል። ክሊኒክ ሄጄ ተመረመርኩ፤ ሐኪሟ ልብሽ ደህና ነው፣ ጭንቀት ነው አለችኝ። ጭንቀት መሆኑንማ እኔም አውቅ ነበር።

ከሁሉ የከፋኝ ጸሎት እምቢ ማለቱ ነው። «አባታችን ሆይ» እላለሁ፣ የዕለት እንጀራችን ላይ ስደርስ ጆሮዬ ወደ ግድግዳው ይሄዳል፤ እንደገና እጀምራለሁ፣ እንደገና ይጠፋኛል። አንተን ስቀብር እንኳ ያልጠፋኝ ጸሎት! እግዚአብሔር ትቶኝ ሄደ ብዬ አላሰብኩም። ግን ቤቱ ውስጥ ከእሱ ይልቅ የሚሰማኝ ፍርሃቱ ነበር፤ ይኼን ለማንም መናገር አፍሬ ለብቻዬ አለቀስኩ።

ያኔ አንተን አስታወስኩ። ክረምት ላይ እንጦጦ በኩል መብረቅ ሲጮህ እኔ ብርድ ልብስ ውስጥ ስገባ፣ አንተ መስኮቱ ጋ ቆመህ አማትበህ «አትፍሪ፣ ጌታ ሲያልፍ ነው» ትለኝ ነበር። እጽዋት ማዕከል የሄድን ጊዜ ዶፍ የጣለብንን ታስታውሳለህ? ዛፍ ሥር ልጠለል ስልህ ጎትተህ ገላጣ ቦታ ላይ አስቀመጥከኝ፤ ዛፍ መብረቅ ይጠራል አልከኝ። አዲስ የተሠራው ፀጉሬ በስብሶ ስበሳጭ አንተ ቀና ብለህ ሰማዩን ታያለህ። ምን እንደምታይ አልገባኝም ነበር።

ሰላም ነገሬን ስታይ «እማዬ፣ በቃ፣ ዕቃሽን ሰብስቢ» አለችኝ። ቤቱን አከራይቼ እሷ ጋ ልገባ ተስማማሁ። አልዋሽህም፣ ደስ እያለኝ ነው የተስማማሁት። ከመሬት ጋር የተያያዘ ወለል ላይ መተኛት አማረኝ። አብረን ያረጀንበትን ቤት በማዳበሪያ ከረጢት አሰርኩት፤ ልብሶችህን፣ መሣሪያዎችህን፣ ሁሉንም።

ልወጣ ስል ጋሽ በቀለ ደወሉ። የመድኃኔዓለም ማኅበራችሁን ዛሬም በሙሴነት የሚመሩት እሳቸው ናቸው። «የዚህ ወር ተራ የታደሰ ነው» አሉኝ። አንተ ስታርፍ ተራህም አብሮህ ያረፈ መስሎኝ ነበር። «ጋሼ፣ ታደሰ የለም፤ ቤቱም ፎቅ ላይ ነው፤ የምድሩንም ነገር ያውቁታል፤ ለሌላ ሰው ይስጡት» አልኳቸው። «እኛ ቀስ እያልን እንወጣለን፤ ያንቺ ሥራ በሩን መክፈት ነው» አሉ። እምቢ ማለት አቃተኝ። ማኅበሩን ሸኝቼ፣ ቦታህን መልሼ፣ በማግሥቱ ልሄድ ቆረጥኩ።

ዳቦውን ራሴ ጋገርኩ። ጠላውን ከአዲሱ ገበያ አስመጣሁ፤ የጠየቀኝ ስላልነበረ ጠመቅሁ ብዬ አልዋሸሁም። ታዴ፣ ሲወጡ ብታያቸው! በየደረጃው መታጠፊያ ቆመው ይተነፍሳሉ፤ «ታደሰ ሳይወፍር የሞተው ለካ በዚህ ደረጃ ነው» ይባባላሉ። እትዬ ዘነበች በአንድ እጃቸው ከዘራቸውን፣ በሌላው የደረጃውን ብረት ይዘው ከሁሉም ኋላ ደረሱ። ጋሽ በቀለ ነጭ ጨርቅ የለበሰውን ጽዋ ለማንም አልሰጥም ብለው ራሳቸው ተሸክመውት ወጡ። በከረጢቶቹ መካከል እየተሸጋሸጉ ተቀመጡ፤ የት ልትሄጂ ነው ብሎ የጠየቀኝ ግን አልነበረም።

ለጸሎት ቆምን። ጽዋው ተከፍቶ የማኅበሩ ቄስ ጀምረው ነበር፤ የእኔ ዓይን ጠላው ላይ ነበር። መጀመሪያ ያየሁት እዚያ ነው። ማንም ሳይነካው ገጹ ላይ ቀጫጭን ክቦች ተነሡ። ቀጥሎ መስኮቱ ተንገጫገጨ፣ አምፖሉ ሄደ መጣ፣ ወለሉ ከእግሬ ሥር ተላወሰ። ልታግዘኝ የመጣችው ሰላም ከማድ ቤት ብቅ ብላ «እማዬ፣ ውጪ!» ብላ ጮኸች።

ማንም አልሮጠም። ቄሱ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «እግዚኦ» አሉ፤ ሽማግሌዎቹ ተቀበሏቸው። የሰለለው፣ የጎረነነው፣ ጥርስ የሌለው ድምፅ ሁሉ አንድ ላይ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» አለ። ቤቱ ይንቀጠቀጣል፣ እነሱ ይጸልያሉ። እትዬ ዘነበች ከዘራቸው ወድቆ ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተዋል። ያ በየምሽቱ እግማሽ ላይ የሚጠፋኝ ጸሎት ሳልፈልገው ከሆዴ ወጣ። ፈርቼ ነበር፣ ታዴ። ግን ከፍርሃቴ የሚበልጥ ነገር ክፍሉን ሞልቶት ነበር። ሰውነቴን ወረረኝ። ምድርን እንዲህ የሚያንቀሳቅሳት አምላክ በእኛ ጠባብ ሳሎን፣ በማዳበሪያ ከረጢቶቹ መሐል፣ አብሮን ቆሟል። ከኋላዬ ስትመጣ ሳልዞር አንተ መሆንህን አውቅ አልነበር? እንደዚያ አወቅሁት።

ቆመ። አምፖሉ ትንሽ ተወዛውዞ ረጋ። ቄሱ ካቋረጡበት ቀጠሉ፣ ዳቦው ተባረከ፣ ተቆረሰ። ጋሽ በቀለ «እኛማ ብንሮጥስ ሁለተኛ ፎቅ ሳንደርስ ያልቅ ነበር» አሉና ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እትዬ ዘነበች ምድር የቆመችው ስለ ጸሎታችን ነው አሉ። እኔ እንደዚያ አልልህም፤ እየጮህን ስንሮጥም ቆማ ታውቃለች። እኔን የሚገርመኝ የገዛ እግሬ ነው። ማሽን ሲጨምቅ እንኳ ደረጃ የሚያስወርደኝ እግር ምን ይዞት ቆመ? ባሰብኩት ቁጥር ይገርመኛል፣ ያስፈራኛልም፣ ደስም ይለኛል።

ሰላም እኔን «ውጪ» ብላ ራሷም አልወጣችም ነበር። የበሩን ጉበን ይዛ፣ ሻርፗን ራሷ ላይ ጣል አድርጋ ቆማለች፤ እንባዋ ይወርዳል። ዓይን ለዓይን ተያየን። «ከረጢቶቹን ልፍታቸው?» አለችኝ። ካፖርትህ ከነተቀደደው ብብቱ ወደ መስቀያው ተመለሰ። ፍርሃቱ ጨርሶ ለቀቀኝ አልልህም። ሲነቃነቅ ሰላም እንዳስተማረችኝ ጠረጴዛ ሥር እገባለሁ፤ ጠረጴዛው ሥር ሆኜ ግን «አባታችን ሆይ»ን እስከ መጨረሻው አደርሰዋለሁ።

የዚያን ቀን ማኅበርተኞቹ ሊሄዱ ሲነሡ ጋሽ በቀለ «የታደሰን ቦታ እንግዲህ ምን እናድርገው?» አሉኝ። ከሳምንት በፊት ያዘጋጀሁት መልስ ነበረኝ። አፌን ስከፍት «እኔ እገባበታለሁ» የሚል ወጣ። የክርስትና ስሜን ጠየቁኝ፤ ዕድሜ ልካቸውን የታደሰ ባለቤት ሲሉኝ ኖረው ከመካከላቸው አንድም የሚያውቀው የለም። ወለተ ኪዳን አልኳቸው።

ቄሱ የመሰነባበቻውን ጸሎት ሲያደርሱ በሕይወት ያሉትን ማኅበርተኞች አንድ በአንድ ጠሩ፤ አዲስ ገቢ ነኝና እኔን መጨረሻ ላይ ጠሩኝ። ከዚያ ወደ አረፉት አለፉ፤ ቤቱ ያንተ ነውና ካንተ የክርስትና ስም ጀመሩ። ወለተ ኪዳን፣ ኃይለ ጊዮርጊስ። መካከላችን ላይ ትንፋሽ እንኳ አልወሰዱም፣ ታዴዬ። መቃብርህ ላይ ቆሜ አንተ ወዲያ ማዶ፣ እኔ ወዲህ ማዶ ቀረን ብዬ ያለቀስኩት ለካ ይህቺን ታህል ነበር ማዶው።

በየወሩ መድኃኔዓለም እዚያ ጸሎት ላይ እቆማለሁ። ቄሱ ቢያረጁ፣ ሌላ ቄስ ቢመጣ፣ ቅደም ተከተሉን ቢረሱት እኔ አስታውሳቸዋለሁ፤ ከእኔ ቀጥሎ አንተ ነህ።

ወለተ ኪዳን