ጳጉሜን የማያውቀው ፕሮግራሜ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11 ቀን 2018

ጎረቤታችን እማማ ዘነበች ዛሬ ፒያሳ ወደምሠራበት የጽሕፈት ሱቅ መጡ፤ የመታወቂያ ቅጽ ሊያስሞሉ።

"መቼ ተወለዱ?" አልኳቸው።

"ጳጉሜን ሦስት፣ ለሩፋኤል። ዝናቡ ነው ስሜን ያወጣልኝ።"

ቅጹ ላይ የሚገቡትን ቀኖች የሚፈትሸውን ፕሮግራም የጻፍኩት እኔው ነኝ። ወሩ ከ12 ከበለጠ "ስህተት" በል ብዬዋለሁ። "ስህተት" አለ።

"ቶሎ በይ እንጂ፣ እህት፣ ልናረጅ ነው" አለ ከሰልፉ አንዱ። ሰዎቹ ሳቁ። አፈርኩና ነሐሴ 30 ብዬ አስገባሁት።

እማማ ማንበብ አይችሉም። "ልክ ነው አይደል፣ የኔ ልጅ?"

"አዎ፣ እማማ።"

በጣታቸው ፈረሙ፣ መረቁኝ። ቅጹን ላክሁት።

እሳቸው ከወጡ በኋላ 12ቱን 13 አደረግኩት። አንድ ቁጥር ብቻ ነበር።

ባለፈው ጳጉሜን ለሩፋኤል ግቢያችን ውስጥ ዝናቡን ስንጠመቅ፣ በጣሳ አጠራቅመው ራሴ ላይ ያፈሰሱልኝ እሳቸው ነበሩ።