ኮምጣጤ የበላው ደፍ

ውድ እማማ ኢኛሲያ፣

ሊያርሷት የሄዱላት ሴት ልጅዎ ቱሪን ላይ በሰላም በመገላገሏ እንኳን ደስ አለዎት። እኛ ደህና ነን። ደፉ ግን ደህና አይደለም።

ወንድ ልጅዎን ካገባሁ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው፤ የቤትዎን ቁልፍ ያስያዙኝ ግን ዘንድሮ ገና መጀመሪያዎ ነው። ስለዚህ ለቅዱስ ጊዮርጊስ በዓል፣ ሰዉ የቅዱሱን ሐውልት ተሸክሞ በደጃችን ሲያልፍ፣ የሞዲካ ከተማ ሰው ሁሉ «የኢኛሲያ ምራት ባለሙያ ናት» እንዲል ፈለግሁ። እኛ እሳት ከሚተፋው ከኤትና ተራራ ሥር ያደግን ሴቶች ደፍ የምናጥበው በትኩስ ኮምጣጤና በጨው ነው። እናቴም አያቴም እንዲሁ ሲያጥቡ ኖረዋል፤ ጥቁሩ ድንጋያችን አንድም ቀን አቤት አላለም። የእርስዎ ነጭ ደፍ ግን ገና ሲነካው አረፋ ይደፍቅ ጀመር። እድፉ እየለቀቀልኝ ነው ብዬ ደስ አለኝና ሁለት ጠርሙስ ጨመርኩበት።

ግንበኛው ዋርሳዎ ጋሼ ሳሮ በዚያ ሲያልፉ ቆም አሉ።

«ቬኔራ፣ ምን እያደረግሽ ነው?»

«እያጠብኩ ነዋ።»

«እያጠብሽ አይደለም፣ እያስበላሽው ነው እንጂ። ነይ፣ ቁጭ በይ። የእናንተ አገር ድንጋይ የእሳት ልጅ ነው፤ ከመሬት ሆድ ቀልጦ ወጥቶ ሜዳ ላይ ድንገት የበረደ። እዚያው ውስጥ ቀስ ብሎ የበረደም አለ፤ እሱ እንደ ሰርዲኒያው ግራናይት ፍሬው ጎላ ጎላ ይላል። ሁለቱም ለኮምጣጤሽ ደንታ የላቸውም።»

«የእናንተውስ?»

«የእኛ የውሃ ልጅ ነዋ። ውሃ ያወረደው አሸዋና ጭቃ ተጋግሮ ድንጋይ የሚሆን አለ፤ ውሃው ደርቆ የሚቀር ጨው አለ፤ ይሄኛው ደግሞ የባሕር ዛጎል ነው፣ በንብርብር ላይ ንብርብር። ዛጎል ኖራ ነው፤ ኖራ ደግሞ ከኮምጣጤ ጋር አይስማማም። ስንት ሚሊዮን ዓመት የተለፋበትን አንቺ ከቁርስ እስከ ምሳ ጨረስሽው።»

እዚያው ደጃፍ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። እውነቱን ልንገርዎ፣ እርስዎ በጥቁሩ ድንጋያችን «የከሰል አገር ልጅ» ሲሉኝ እኔም በሆዴ እላለሁ፦ እሳቸውም እንደ ድንጋያቸው ናቸው፣ ቂም በቂም ላይ ይደርባሉ፣ በሠርጌ ቀን የሰበርኩት ሳህን እስካሁን ከሥር አለ። እኔ ቶሎ ግዬ ቶሎ የምበርድ ሰው ነኝ። እንዲህ የማስበው ግን ስለምፈራዎት ነው። ቁልፉን መልሰው ሊቀበሉኝ ነው ብዬ ነው ያለቀስኩት።

«ተይ አታልቅሺ» አሉኝ ጋሼ ሳሮ። «ድንጋይ ሁለት ፊት አለው። ገልብጠን እንተክለዋለን፣ ማንም አያውቅም።»

መፈንቀያ ብረታቸውን አምጥተው ፈነቀሉት፤ ተጋግዘን ገለበጥነው። የታችኛውም ፊት ተበልቶ ጎድጉዷል። ጋሼ ሳሮ አዩትና መሬት ላይ እስኪቀመጡ ሳቁ።

«ረስቼው ነው እኮ» አሉ። «ኢኛሲያ ሙሽራ ሆና የመጣች ዓመት ነው። ለበዓሉ ከጎረቤት ሁሉ ይንጣልኝ ብላ በሎሚ ፈገፈገችው። የኖራ አገር ልጅ ሆና። አማቷ፣ እናቴ ማለት ነው፣ ሳታይ አባቴ ገለበጡላት። እኔ ያኔ ልጅ ነበርኩ፤ ለማንም እንዳልናገር አስምላኛለች።»

እማማ፣ እኔም ምያለሁ። ለልጅዎም አልነገርኩትም። ደፉ አሁን ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል፤ ለመግባት እንዘላለን። ጋሼ ሳሮ የትኛው ፊት ወደ ላይ ይሁን እያሉ ይጠይቁኛል፣ የእርስዎ ወይስ የእኔ። ይህን ብቻዬን አልወስንም። በዓሉ እሑድ ነው፤ ይምጡና አብረን እንምረጥ። ዘንድሮ አልፈራዎትም፤ ናፍቀውኛል።

ምራትዎ ቬኔራ