ሎንግቤዙን ከፍ ያደረግኩበት ክረምት

ነሐሴ 21፣ ከምሳ በኋላ

ዛሬም ወልዴ ጋራዥ። መኪናዬ ሎንግቤዙ በክሪክ ተነስቷል፣ አራቱም ጎማ አየር ላይ። ሆዱ ተፍቋል። ከቢጠና ወዲያ ወደ ቤታችን የሚወስደውን መንገድ ጎርፍ በላው። ጎማው ቦይ ውስጥ ሲገባ መሀል የቀረው ድንጋይ ሆዱን ይይዘዋል። ትናንት እዚያው ላይ ተቀመጠ። በበሬ ጎተቱኝ። እኔን፣ የበሬ ነጋዴውን!

ደብተር፣ ስማ። የምትጽፍልኝ የልጄ ልጅ ትግስት ናት። ቃሌን አታሳምሪ ብያታለሁ። ማንበብ ስለማልችል አንተም ብትዋሽ አላውቅብህም። እንዳትዋሽ።

ሚስቴ አስቴር እዚህ ሶዶ፣ ልጃችን ቤት ተኝታለች። ሐኪሙ ከጎንደር ተመድቦ የመጣ ልጅ ነው። ከእንግዲህ መድኃኒት አይሠራም፣ ቤቷ ውሰዷት አለ። ፊቴን እያየ ነው የተናገረው። ወደድኩት። እሷ የምትፈልገው አንድ ነገር ነው፦ ለጊፋታ፣ ለዘመን መለወጫችን፣ ቤቷ መገኘት። የሰፈሩ ሴቶች ዓመቱን ሙሉ ለበዓሉ ቅቤ ያጠራቅማሉ፤ የምታካፍላቸው እሷ ናት። ጎረቤቶች በቃሬዛ እንሸከማት አሉ። እምቢ። "በሰው ትከሻ ቤቴ የምገባው ስሞት ነው" አለች። አበቃ።

ነሐሴ 26

ትልልቅ ጎማ ገዛሁ። ወልዴ ገጠመው። መሪ ሳዞር ጎማው ከላይ ያለውን ቆርቆሮ ይፍቃል። መኪናው ራሱ ከፍ ካላለ አይሆንም። ወልዴ ለዚሁ መኪና የተሠራ ባሌስትራ፣ መኪናውን ከሥር የሚሸከመውን ብረት፣ ከአዲስ አበባ ላስመጣ አለ። ጊፋታ ቆሞ ሊጠብቀን ነው? የአይሱዙ ባሌስትራ ደርብበት አልኩት።

"አባባ ዳና፣ እሱ እኮ በሬ ለሚጭን ነው። ባዶውን እንደ ፍየል ይዘልብዎታል።"

"አንተ ግጠም።"

"እገጥማለሁ። ሲዘል ግን የኔን ስም እንዳይጠሩ።"

አፉ አያርፍም። እጁ ግን ጥሩ ነው። አባቱም እንዲሁ ነበር፤ ከጉራጌ መጥቶ እዚህ ያረጀ ሰው። ባለሙያው ትክክል ሳይሆን አይቀርም። አልነገርኩትም።

ጳጉሜን 2፣ ጠዋት

አለቀ። ስንዝር ተኩል ከፍ አለ። ቆሜ አየሁት። ያምራል። የጋራዡ ሰው ሁሉ ወጥቶ አየው። በሁምቦ መንገድ ሞከርኩት። አንድ ድንጋይ ሆዱን አልነካውም። ጥርሴ ግን ተንቀጫቀጨ። ወገቤ የለም። ለወልዴ ጥሩ ነው አልኩት።

ያው ቀን፣ ወደ ማታ

ለአስቴር ላሳያት ወሰድኩት። በዱላ ተደግፋ ወጣች። መኪናውን አየች። በሩን አየች። እግሯን አነሳች፣ አልደረሰም። በርጩማ አመጣን። ጉልበቷ ከዳት። ላቅፍሽ አልኳት፤ በዱላው ደረቴን ገፋችኝ። ነግሬሃለሁ አለች።

መንገዱን ለካሁ። ድንጋዩን ለካሁ። እሷን አልለካሁም።

ትግስት፣ ደብተሩን ዝጊው።

መስከረም 3

አዲስ ዓመት ገባ አሉ። የኔ ዓመት ጊፋታ ነው፣ ገና አልገባም። ባይገባም ግድ የለኝም። ዝናብ። ወልዴ ጋ ሄጄ መልሰህ ዝቅ አድርገው አልኩት። "አባባ ዳና፣ መኪና ነው ወይስ የሆስፒታል አልጋ?" አለ። ከዚያ ለማን እንደሆነ ትዝ አለው መሰለኝ፣ አንገቱን ደፋ። ዝቅ ካለ ድንጋዩ። ከፍ እንዳለ ከቀረ ጉልበቷ። መንገድ የለም።

አስቴር ቆጮውን መለሰችው። ውሃ ብቻ። ትግስት ታለቅሳለች። ጻፊ አልኳት።

መስከረም 6፣ ከሰዓት

ከብት ገበያ ዋልኩ። ልገዛ አይደለም፣ እግሬ ወሰደኝ። የጊፋታ በሬ ይጫናል። አይሱዙው ኋላውን ለአፈሩ ጉብታ ይሰጣል፤ በሬው በጉብታው ቀስ ብሎ ይወጣና ልክ እንደ ሜዳ ይገባል። ዕድሜዬን ሙሉ በዚያ ጉብታ በሬ ጫንኩ። ለሚስቴ አላሰብኩትም!

መጥቼ ነገርኳት። የመኪናውን ኋላ ለጉብታው እሰጣለሁ፣ ማንም አይነካሽም፣ በእግርሽ ትገቢያለሽ። ሳቀች። ክረምቱን ሙሉ አልሳቀችም።

"ለጊፋታ የምታርደኝ በሬ መሰልኩህ?"

"ለበሬ ከስተሻል" አልኳት።

 ከዚያ፣ መውረጃውስ? አለች።

ደጃችን ሜዳ ነው። ጉብታ የለም። አሁንም አላሰብኩም።

አፈር እቆልላለሁ አልኳት። ነገ ብቻዬን ሄጄ፣ በደጃችን ፊት፣ በመኪናው ወለል ልክ። በእኛ አገር ሰው የሚቀበረው በደጁ ነው። አካፋ ይዤ ሲያዩኝ ጎረቤቶች ምን እንደሚሉ አውቃለሁ። ይበሉ። ደግሞ ባሌስትራው ደረቅ ነው፣ መንገዱን ሙሉ ይንጥሻል አልኳት። ይናጠኝ አለች።

"ስወርድ አፈሩን እንዳትበትነው" አለች። "ያስፈልግሃል።"



ጻፊ፦ ነገ ሳይነጋ እሄዳለሁ። ትግስት፣ አካፋውን ከጓሮ አምጪ። ገመድም ስጪኝ፣ የመኪናውን ወለል ከፍታ ልለካ፣ ተይ አሁን መጻፉን፣ ጨርሶ ሳይጨልም